በሰው ቋንቋ የነገሠችው ስፔናዊት

በ2017 ጋሊማር የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ለገበያ አቀረበ። (ዛሬ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ 865 ደብዳቤዎች ይዟል። ደብዳቤዎቹ ከ1944 እስከ 1959 በሁለት ሰዎች መካከል የተመላለሱ ናቸው። አንደኛው የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ አልቤር ካሙ ነው፤ ሁለተኛዋ ተዋናይት ማሪያ ካሳሬስ ናት። እንዲታተሙ የፈቀደችውም፣ መቅድሙን የጻፈችውም ካሙ ከሚስቱ የወለዳት ካትሪን መሆኗ ወሬውን ይበልጥ አጣፈጠው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማሪያ ካሳሬስ የሚነሳ ጨዋታ ከካሙ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። ይህ ያስቆጫል። የፓሪስ ተመልካች ካሙን ከመተዋወቋ በፊት ያውቃት ነበር፤ ካሙ ከሞተ በኋላም ከሠላሳ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆማለች። የፈረንሳይ ቴአትር ታሪክ የሚያነሳት በፍቅር ደብዳቤ ሳይሆን በሌዲ ማክቤዝና በፌድር፣ በሜዲያና በሄኩባ ነው። ካሙም በዚህ ንግግር ውስጥ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ተራውን ይጠብቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ይህች ሴት ፈረንሳይኛ መማር የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ በስደት ነው። የተዋንያን ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የመለሳት በአነጋገሯ ምክንያት ነበር። የጸሐፌ ተውኔቱን የራሲንን ግጥም በፈረንሳዮች ፊት ስትጫወት ግን ራሳቸው ፈረንሳዮቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጧት ጀመር። ከዘፋኝ ወይም ከሠዓሊ ስደት የተዋናይት ስደት የሚከፋውም ለዚህ ነው። ሠዓሊ ብሩሹን ይዞ ይሰደዳል፤ ፒካሶ ፓሪስ ላይ ለመሣል ሰዋስው አላስፈለገውም። የተዋናይት መሣሪያ ግን አፏ ነው። አገሯን ስትለቅ መሣሪያዋንም ጥላ ትሄዳለች።

ማሪያ የተወለደችው ኅዳር 1922 ነው፤ ቦታው በስፔን ሰሜን ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ዳርቻ የምትገኘው የጋሊሲያ ወደብ ላ ኮሩኛ ነው። አባቷ ሳንቲያጎ ካሳሬስ ኪሮጋ ጠበቃ፣ የንጉሣዊው ሥርዓት ተቃዋሚና መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበሩ። ሳንባቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የታመመ ነበር። በ1931 ንጉሡ አገር ጥለው ወጥተው ሪፐብሊክ ሲታወጅ አባቷ ሚኒስትር ሆኑ፤ ቤተሰቡም ወደ ማድሪድ ተዛወረ። ከባሕሩና ከዝናቡ የተነጠለችው ልጅ በደረቁ የካስቲያ ሜዳ መካከል ያለችውን ከተማ አልወደደቻትም። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ስደት ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ገና በስምንት ዓመቷ።

ግንቦት 13 ቀን 1936 ካሳሬስ ኪሮጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቀኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ሙሶሊኒ የአማፂውን የጄኔራል ፍራንኮን ወታደሮች ከሞሮኮ ወደ ስፔን የሚያሻግሩ አውሮፕላኖች ላከ። ጄኔራሎቹ እንደሚያምፁ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀደም ብሎ ተነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ነገሩን አቃለሉት። አመፁ ሲፈነዳ ለሠራተኛው ሕዝብ መሣሪያ ለማደል እምቢ አሉ፤ በሁለተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ወዲህ አልማሯቸውም። ልጅቱ ስደት የወጣችው የተሸነፈ ወገን ልጅ ሆና ብቻ አይደለም፤ ሽንፈቱን የገዛ ወገኖቻቸው ሳይቀሩ የሚያሳብቡባቸው ሰው ልጅ ሆና ነው።

በዚያ በጋ ማሪያ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማድሪድ ውስጥ ለቁስለኞች በተከፈተ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ታግዝ ጀመር፤ በዚያ ዕድሜ ሊታይ የማይገባውንም አየች። ላ ኮሩኛ ከመጀመሪያው ሳምንት በአማፂዎቹ እጅ ስለወደቀች የቤተሰቡ ቤት ተወረሰ፣ የአባቷ ቤተ መጻሕፍትም ተዘርፎ ተቃጠለ። በአባቷ በኩል ያለች ታላቅ እኅቷ እዚያው ተይዛ ቀረች፤ ለዓመታትም ከስፔን መውጣት አልተፈቀደላትም። ማሪያና እናቷ ግሎሪያ በኅዳር 1936 ድንበር ተሻግረው ፓሪስ ገቡ። አባቷ እስከ ጦርነቱ ማለቂያ ድረስ አገራቸው ቆዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሪፐብሊኩ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ስፔናዊ በክረምቱ ብርድ የፒሬኔን ተራራ አቋርጦ ፈረንሳይ ገባ። ፈረንሳይም ብዙዎቹን በሽቦ በታጠረ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ አሰፈረቻቸው። ማሪያና እናቷ በፓሪስ ሆቴል ውስጥ ነበሩ። ይህን ልዩነት ራሷ አልዘነጋችውም። በ1980 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ርእስ «ባለ ልዩ መብት ነዋሪ» ማለት ነው፤ ፈረንሳይ ለረጅም ጊዜ ነዋሪ ለሆኑ የውጭ አገር ሰዎች ትሰጥ በነበረው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ላይ የሚታተም ማዕረግ ነበር። ርእሱ ምፀት አለበት፤ ግን እውነትም አለበት።

ወደ ቋንቋው እንመለስ። ከእናቷ ጋር የተዋወቁ ፒየር አልኮቨርና ኮሎና ሮማኖ የተባሉ ባልና ሚስት ተዋንያን ልጅቱ ውስጥ የሆነ ነገር አይተው ወደ ትወና ገፋፏት። የፓሪስ ብሔራዊ የቴአትር ትምህርት ቤት ኮንሰርቫቷር መግቢያ ፈተና ላይ ስትቀርብ ግን የስፔን አነጋገሯ ጣላት። ፈረንሳዮች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ የራሲን ስንኝ በትክክል አሥራ ሁለት ቀለም አለው፣ አንዷ ቀለም ከተንጋደደች ጆሯቸው ይቆስላል። እሷም ሬኔ ሲሞን ወደሚባል መምህር የግል ትምህርት ቤት ገባች። ደጋግማ፣ ደጋግማ፣ ምላሷን እንደ አዲስ አሠለጠነችው። በ1941 ኮንሰርቫቷር ተቀበላት፤ ቤያትሪስ ዱሳን የተባለች የታወቀች መምህርት ክፍል ውስጥ ተመደበች።

አንዳንዶች አነጋገሯ ፈጽሞ ጠፋ ይላሉ። ይህ እውነት አይመስልም። ፊልሞቿን የሚሰማ ሰው የእያንዳንዱ ቃል ጥራት ከመጠን በላይ መሆኑን ይረዳል፤ ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ በመጠኑ የሻከረ፣ ድንገት ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት የሚዘል ነበር። የመግቢያ ፈተናው ዳኞች እንደ ጉድለት የቆጠሩት ባዕድነት ኋላ ከማንም የምትለይበት መታወቂያዋ ሆነ። ለትራጄዲ ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ ይስማማል፤ የግሪክ ንግሥቶች እንደ ጎረቤት ሴት እንዲናገሩ ማንም አይጠብቅም።

በመካከሉ ሌላ ጦርነት መጥቷል። በሰኔ 1940 ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡ ካሳሬስ ኪሮጋ ወደ እንግሊዝ አመለጡ፤ እናትና ልጅ ወደ ተያዘችው ፓሪስ ተመለሱ። አደጋው የወሬ አልነበረም። የካታሎኒያው ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኮምፓኝስ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በጀርመኖች ተይዘው ለፍራንኮ ተሰጡ፤ በጥቅምትም ባርሴሎና ላይ ተረሸኑ። የስደተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሟን ብትቀይር ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን የአባቷን ስም እንደያዘች በየማስታወቂያው ላይ አስለጠፈችው።

መጀመሪያ በዋና ሚና የታየችው በ1942 በማቱራን ቴአትር ነው። ተውኔቱ የአየርላንዳዊው ጆን ሲንግ «የኀዘን ዴርድሬ» ነበር። ዴርድሬ ከወደደችው ሰው ጋር አገሯን ጥላ የምትሸሽ፣ ከዓመታት በኋላ ተታልላ ተመልሳ የምትሞት ወጣት ሴት ናት። አዘጋጁ ማርሴል ኤራን ሃያ ዓመት ላልሞላት ስደተኛ ይህን ሚና ሲሰጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። የፓሪስ ጋዜጦች ስሟን ከዚያ ቀን ጀምረው መዝገቡ።

ፊልም ቶሎ መጣ፤ ቶሎም ሄደ። በማርሴል ካርኔ «የገነት ልጆች» ውስጥ፣ ብዙ ፈረንሳዮች የአገራቸው ምርጥ ፊልም በሚሉት ሥራ ውስጥ፣ ባሏ ሌላ ሴት የሚወድባትን ናታሊን ተጫወተች። ሚናዋ ትልቅ አይደለም፤ ግን ፊልሙን ያየ ሰው ያንን በር ላይ የሚቆም ፊት አይረሳውም። በሮቤር ብሬሶን «የቡሎኝ ደን ወይዛዝርት» ደግሞ የከዳትን ሰው በቀዝቃዛ ተንኮል የምትበቀል ሀብታም ሴት ሆነች። ቀረጻው በአየር ድብደባና በመብራት መጥፋት እየተቋረጠ ነበር የተሠራው። ብሬሶን ተዋናይ ስሜቱን እንዲያሳይ አይፈልግም፤ እሷ ደግሞ ከስሜት በቀር ሌላ የሥራ መንገድ አታውቅም። ሁለቱ አልተስማሙም፤ ከዓመታት በኋላም ስለ አሠራሩ በመራራነት ነው የተናገረችው። ፊልሙ በ1945 ሲወጣ ከሸፈ። ዛሬ የፊልም ትምህርት ቤቶች ያስተምሩበታል። ምናልባት ያ አለመስማማት ራሱ ነው ፊልሙን የጠቀመው፤ የታፈነ እሳት በእያንዳንዱ ትዕይንት ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1950 የወጣው የዣን ኮክቶ «ኦርፌ» ነው። ኮክቶ የግሪኩን ተረት ወደ ዘመኑ ፓሪስ አመጣው፤ ሞትን ደግሞ ጥቁር ለብሳ በሮልስ ሮይስ የምትሄድ ልዕልት አደረጋት። አጃቢዎቿ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ናቸው፤ በመኪናዋ ሬዲዮ እንግዳ ቃላት ይሰማሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ለፈረንሳይ አርበኞች ትልከው እንደነበረው ምሥጢራዊ መልእክት። በመስታወት ውስጥ አልፋ ወደ ሙታን ዓለም ትገባለች። ይህች ሞት ሰው ትወድዳለች፤ ስለ ፍቅሯም ትቀጣለች። ካሳሬስ ሞትን አስፈሪ አላደረገቻትም። የደከማት ባለሥልጣን አደረገቻት፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ታስፈጽማለች እንጂ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

አሁን ካሙ ይምጣ። የተገናኙት በመጋቢት 1944 በደራሲው ሚሼል ሌሪስ ቤት ነው፤ ጓደኛሞች ተሰብስበው ፒካሶ የጻፈውን ቧልተኛ ተውኔት ሲያነቡ። ካሙ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ በኅቡዕ የሚታተመው «ኮምባ» ጋዜጣ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሚስቱ ፍራንሲን በጦርነቱ ምክንያት አልጄሪያ ቀርታለች። ፍቅራቸው የጀመረው ሰኔ 6 ቀን፣ የተባበሩት ጦር ኖርማንዲ በወረደበት ዕለት ነው። በመኸር ፍራንሲን ስትመጣ ተለያዩ። በ1948 ሰኔ 6 ቀን፣ ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ ሳን ዠርማን ጎዳና ላይ በአጋጣሚ ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ አልተለያዩም። ልቦለድ ውስጥ ቢጻፍ አርታኢው «ይህ በዛ» ብሎ የሚሰርዘው ዓይነት ገጠመኝ ነው።

ለቴአትር ሰው የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በሰኔ 1944 በካሙ «አለመግባባት» ውስጥ ማርታ ሆና ቆመች። ማርታ ፀሐይና ባሕር ወዳለበት አገር ለመሄድ ስትል የምትገድል ሴት ናት። ተውኔቱን ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት ተቀበለው፤ እሷን ግን አደነቀ። በ1948 በዣን ልዊ ባሮ አዘጋጅነት የቀረበው «የከበባ አዋጅ» ላይ ተጫወተች፤ አምባገነኑ ወረርሽኝ ከተማዋን የሚይዝበት ቦታ የስፔኗ ካዲስ ናት። ፈላስፋው ገብርኤል ማርሴል «ለምን ስፔን? ለምን ከምሥራቅ አውሮፓ አንዱን አገር አልመረጥክም?» ዓይነት ወቀሳ ሲሰነዝር ካሙ በጋዜጣ ረጅም መልስ ሰጠው፤ ምዕራባውያኑ የፍራንኮን ግፍ ለመርሳት መቸኮላቸውን አጠንክሮ አወገዘ። በእናቱ በኩል የስፔን ደም እንዳለው አይዘነጋም፤ ቢሆንም የስፔን ጉዳይ በልቡ እንዳይበርድ ያደረገችው ከአጠገቡ ያለችው ሴት አልነበረችም ማለት ያስቸግራል። በታኅሣሥ 1949 ደግሞ በ«ጻድቃኑ» ውስጥ የሩሲያዊቷን አብዮተኛ ዶራን ተጫወተች። አባቷ በየካቲት 1950 በፓሪስ ሲሞቱ ያ የቴአትር ወቅት ገና አላለቀም ነበር። እናቷ ቀደም ብለው በ1946 ሞተዋል።

በታኅሣሥ 1959 መጨረሻ ካሙ ከደቡብ ፈረንሳይ ለማሪያ ጻፈ፤ ማክሰኞ ፓሪስ እንደሚደርስ፣ አብረው እራት እንደሚበሉ። ሰኞ ጥር 4 ቀን 1960 ጓደኛው ሚሼል ጋሊማር የሚነዳው መኪና ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ካሙ ወዲያው ሞተ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት ደግሞ በቴአትርም በፊልምም ብዙ ጊዜ አብሯት የሠራው ዤራር ፊሊፕ በካንሰር ሞቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ኀዘን መካከል ግን ሥራው እየሰፋ ነው የሄደው። ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ፤ በ1952 ኮሜዲ ፍራንሴዝ ገባች። ይህ ተቋም የፈረንሳይ ቴአትር ማዕከል ነው፤ ሕጉ ብዙ፣ ማዕረጉ ብዙ። ሁለት ዓመት ቆይታ ወጣች። በ1954 ወደ ዣን ቪላር ሄደች፤ ትክክለኛ ቦታዋንም እዚያ አገኘች። ቪላር ብሔራዊ ሕዝባዊ ቴአትር የተባለውን ድርጅት ይመራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቴአትር እንደ ውኃና እንደ መብራት ለሕዝብ የሚቀርብ አገልግሎት ነው። ቲኬት በርካሽ ይሸጥ፤ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ይቅር፤ ሠራተኛው የመጨረሻውን ባቡር እንዳያመልጠው ትርኢቱ በጊዜ ይጀመር። አዳራሹ ሻዮ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰው በላይ ይይዛል። ያንን የሚያህል አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ያላቸው ተዋንያት ብዙ አልነበሩም።

በጋ ሲመጣ ደግሞ አቪኞን አለ። ቪላር በ1947 የጀመረው የአቪኞን ፌስቲቫል ዋና መድረክ የጥንት ሊቃነ ጳጳሳት ቤተ መንግሥት ግቢ ነው፤ ጣራው ሰማይ፣ ከኋላው ረጅም የድንጋይ ግንብ፣ ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ልብስ የሚያርገበግብበት ስፍራ። በ1954 እዚያ ሌዲ ማክቤዝ ሆነች። ማክቤዝን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስላመጣው ታሪኩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ባሏን ወደ ንጉሥ ግድያ የምትገፋው፣ ኋላም እጇ ላይ የማይለቅ ደም የምታይ ሴት ናት። ያንን ሚና ከዚያ በኋላ የወሰዱ የፈረንሳይ ተዋንያት ከእሷ ጋር ሲነጻጸሩ ኖረዋል። በዓመቱ የቪክቶር ኡጎን «ማሪ ቱዶር»፣ ቀጥሎም የማሪቮን «የፍቅር ድል» ሠራች። የመጨረሻው ኮሜዲ ነው፤ ማልቀስ ብቻ ነው የምትችለው ለሚሉ መልስ ሆነ። በ1956 ቡድኑ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ በሞስኮና በሌኒንግራድ አሳየ። አገር አልባዋ ስፔናዊት የፈረንሳይ ባህል አምባሳደር ሆና መሄዷ ነው። የኪሷ ወረቀት ግን የውጭ አገር ሰው መሆኗን ይናገራል።

ከቪላር ከወጣች በኋላ የሠራችው ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በእኔ ግምት ግን ከቀድሞው የሚበልጥ ድፍረት ያለበት እዚህ ነው። ስመ ጥር ሆና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የደረሰች ተዋናይት ደህና ደህና ንግሥቶችን እየተጫወተች መጦር ትችል ነበር። እሷ በ1966 የዣን ዠኔን «መከለያዎቹ» ተቀበለች። ተውኔቱ ስለ አልጄሪያ ጦርነት ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። እሷ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆነች የአረብ እናት ሆነች። የቀድሞ ወታደሮችና ቀኝ አክራሪዎች ኦዴዮን ቴአትርን ወረሩት፤ መድረኩ ላይ ዕቃ ወረወሩ፣ ጭስ ለቀቁ፣ ተዋንያኑን ደበደቡ። የቴአትሩ በጀት እንዲቆረጥ በፓርላማ ጥያቄ ሲነሳ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ተነስቶ ተውኔቱን ተከላከለ። እሷም ሚናዋን አልተወችም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ፓትሪስ ሼሮ ያንኑ ተውኔት በናንቴር ሲያዘጋጅ ያቺኑ እናት የተጫወተችው አሁንም ካሳሬስ ናት።

ስለ ስፔንስ? በ1963 ወደ ቦይነስ አይረስ ሄዳ የስፔናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካን «የርማ» በስፓኝ ቋንቋ ሠራች። አዘጋጇ ማርጋሪታ ሺርጉ ነበረች። ሺርጉን ሳያነሱ የስፔን ተዋንያን ስደት ማውራት አይቻልም። በ1888 ካታሎኒያ ውስጥ የተወለደችው ይህች ሴት በ1934 መጨረሻ ማድሪድ ላይ የመጀመሪያዋ የርማ ሆና የቆመች፣ የሎርካ የቅርብ ወዳጅ ናት። በ1936 መጀመሪያ ለትርኢት ወደ ላቲን አሜሪካ ተሻገረች፤ እሷ እዚያ ሳለች ጦርነቱ ተነሳ፣ ሎርካም በነሐሴ ግራናዳ አጠገብ ተረሸነ። ዳግም ስፔንን አላየችም። ያን ጊዜ በስፔን መድረክ ሊታይ የማይችለውን የሎርካን የመጨረሻ ተውኔት «የበርናርዳ አልባ ቤት» በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየችው እሷ ናት፣ በዚያው በቦይነስ አይረስ። ኋላ በሞንቴቪዴዮ የቴአትር ትምህርት ቤት መርታ፣ አንድ ትውልድ የኡራጓይ ተዋንያን አፍርታ በ1969 ሞተች።

እንግዲህ በዚያ ልምምድ ላይ የቆሙት ሁለት ስደተኞች ናቸው፤ ስደታቸው ግን አንድ አይደለም። ሺርጉ ቋንቋዋ ወደሚነገርበት አህጉር ስለተሰደደች ሥራዋን ካቆመችበት ቀጠለች። ካሳሬስ በእናቷ ቋንቋ መድረክ ላይ ቆማ አታውቅም ነበር። በዓለም የታወቀችው ስፔናዊት ተዋናይት በስፓኝኛ ለመጫወት አርባ ዓመት ሞልቷት እንደ ጀማሪ ልምምድ ገባች።

ፍራንኮ በኅዳር 1975 ሞተ። በዚያው ዓመት ማሪያ የፈረንሳይ ዜግነት ወሰደች። ያኔ ነው መመለስ የተቻለው። በ1976 ማድሪድ ላይ የስደተኛው ገጣሚ ራፋኤል አልቤርቲ «ኤል አዴፌስዮ» የተባለ ተውኔት ሊታይ ሆነ፤ እሷም ዋናውን ሚና ያዘች። ይህን ተውኔት በ1944 ቦይነስ አይረስ ላይ መጀመሪያ የተጫወተችው ያችው ሺርጉ ነበረች። አዳራሹ ሞላ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ጭብጨባው ግን ለማን ነበር? ማድሪድ ያየቻት የሪፐብሊኩን ምልክት አድርጋ ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ልጅ፣ የተመለሰችዋን ስደተኛ። እሷ እንደ ተዋናይት መመዘን ነበር የፈለገችው። ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ ስፔን ውስጥ ዳግመኛ ቤት አልሠራችም። ይህን እንደ ክህደት ያዩት ነበሩ። አርባ ዓመት በሌላ አገር ከኖሩ በኋላ መመለስ ሌላ ስደት እንደሆነ ከአገሩ ርቆ ያረጀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም።

ፈረንሳይ ውስጥ ቤት ነበራት። ከካሙ ሞት በኋላ፣ በ1961፣ በሻራንት ክፍለ ሀገር አሉ በምትባል ትንሽ መንደር ላ ቬርኝ የተባለ አሮጌ የገጠር ቤት ገዛች። አብሯት የገዛው ተዋናይና ዘፋኝ አንድሬ ሽሌሰር ነው፤ በ1978 ተጋቡ።

እርጅናዋ የሥራ ነበር። በ1989 በቤርናር ሶቤል አዘጋጅነት በቀረበው «ሄኩባ» የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ የሞልየር ሽልማት ተቀበለች፤ ሄኩባ ከተማዋ ትሮይ ተቃጥላ፣ ልጆቿ አልቀው በባዕድ ምድር የምትንከራተት ንግሥት ናት። በ1991 የጋሊሲያ ሰው የሆነውን የቫዬ ኢንክላንን «አረመኔ ኮሜዲዎች» በፈረንሳይኛ ተጫወተች። ይህ ተውኔት የሚፈጸመው በትውልድ ምድሯ ነው፤ ዝናቡ፣ ለማኙ፣ ባላባቱ፣ የባሕሩ ማዕበል ሁሉ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። በ1993 ደግሞ ሰባ ዓመት አልፏት በዠንቪሊዬ መድረክ ላይ ንጉሥ ሊርን ሆነች። ንግሥቶቹን ጨርሳ ወደ ንጉሦቹ ዞረች ማለት ነው።

ኅዳር 22 ቀን 1996፣ ሰባ አራተኛ ዓመቷን በደፈነች ማግሥት፣ ላ ቬርኝ ውስጥ አረፈች። የአሉ ቀብር ስፍራ ውስጥ ተቀበረች። ቤቱን ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤት አወረሰች፤ ዛሬ በስሟ የሚጠራ የቴአትር ማዕከል ሆኖ ወጣት ተዋንያንና አዘጋጆች ገብተው ይሠሩበታል፣ በበጋም ትርኢት ይታይበታል። ከሞተች በዓመቱ የጋሊሲያ ተዋንያን ማኅበር በየዓመቱ የሚሰጠውን የቴአትር ሽልማት በስሟ ሰየመው። ላ ኮሩኛ ውስጥ አማፂዎቹ የወረሱት የአባቷ ቤትም ተጠግኖ ሙዚየም ሆኗል፤ ከተማው አደራጅቶ የከፈተው በ2007 ነው።